የጎማ መብራቱ ራሱ ስለጠፋ ጎማው ደህና ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጠዋት ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጪ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የጎማ መብራት ይበራል፣ ሞጆን ስታልፊ ደግሞ ራሱ ይጠፋል ብለሻል። ጎሚስታው "ምንም የለውም" ስላለሽ ልተወው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አትተይው።

መብራቱ የሚጠፋው ጎማው እየሄደ ስለሚሞቅ ነው። ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ አንድ ፒኤስአይ (ጎሚስታው የጎማ አየር የሚለካበት ቁጥር) ገደማ ከፍ ይላል። ከማስጠንቀቂያው መስመር ትንሽ ሲያልፍ መብራቱ ዝም ይላል። ጎማው ውስጥ የገባ አዲስ አየር ግን የለም።

ደግሞ ይህ መብራት ዘግይቶ ነው የሚናገረው። በብዙ መኪና የሚበራው ግፊቱ ፋብሪካው ካዘዘው በ25 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። 32 የሚፈልግ ጎማ 24 አካባቢ እስኪደርስ ምንም አይልሽም። 27 ላይ መብራት የለም፣ ጎማው ግን ጎድሎታል። በዚህ ሁኔታ ፈጣን መንገዱ ላይ 100 እና ከዚያ በላይ ስትነጂ የጎማው ጎን በየዙሩ እየታጠፈ ከልክ በላይ ይሞቃል። ጎማ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ቤተሰብ ጭነሽ ስትሄጂ አስቢው።

እኔ የምጠረጥረው የምታስነፊበትን ሰዓት ነው። በአዳማ ቀትር ከመንገድ ገብተሽ ቀጥታ ጎሚስታ ጋ ከቆምሽ፣ መለኪያው ላይ የምታዪው 32 የትኩስ ጎማ 32 ነው። አድሮ ሲቀዘቅዝ 28 ቢሆን አይግረምሽ። ስለዚህ የራስሽን መለኪያ ግዢ። እኔ መኪናው ውስጥ አስቀምጬ ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ እለካለሁ፤ የጎሚስታውና የኔ ቁጥር ሲለያይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ስለሆነ በእሱ አታስነፊ። የሞቀ ጎማ ማስነፋት ግድ ከሆነብሽ ሦስት አራት ጨምረሽ አስነፊና በማግስቱ ጠዋት አስተካክዪው። ቁጥሩ በዛ ብለሽ ከትኩስ ጎማ አየር አታስወጪ።

መኪና አስነስተሽ መብራቱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ችግሩ ሲስተሙ ላይ ነው። እኔ ላይ የደረሰው የአንዱ ሴንሰር፣ ማለትም ጎማው ውስጥ ሆኖ ግፊቱን የሚለካው ዕቃ፣ ባትሪ አልቆ ነበር። ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሠራል፣ ባትሪው ለብቻ አይቀየርም። ያገለገለ መኪና ለገዛን ብዙዎቻችን ይህ የማይቀር ነው። ሴንሰር ስትገዢ ለመኪናው መልእክት የሚልክበት የሬዲዮ ሞገድ ከድሮው ጋር ይመሳሰል፤ የአሜሪካ መኪና ብዙውን ጊዜ 315፣ የአውሮፓ 433 ሜጋኸርዝ ነው። ጎማ ስታስፈቺም ሴንሰር እንዳለው ለጎሚስታው ቀድመሽ ንገሪው። የጎማ ማውለቂያ ብረቱን ቫልቩ አጠገብ ካስገባ ሴንሰሩን ሊሰብረው ይችላል።

አንዳንድ መኪና ጎማው ውስጥ ሴንሰር የለውም፤ የጎማውን ዙር በኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ሲስተም) እያነበበ ነው የሚያውቀው። ያንቺ እንዲያ ከሆነ በትክክል ካስነፋሽ በኋላ ሪሴት አድርጊው።

አሁን አስነፍተሽ ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት አራቱንም ለኪ። አንዱ ብቻ እየወረደ ከሄደ ብዙውን ጊዜ ሚስማር ወይም የቫልቭ ፍሳሽ ነው፤ ቫልቩ ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሺበት፣ አረፋ ከሠራ ተገኘ።