መልስ፦ ለጁስ ቤት ባንኮኒ የትኛው ስቴንለስ ይሻላል?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ለምትከፍተው ጁስ ቤት ባንኮኒ «ቁጥር 1 ላሜራ ወይስ 2ቢ?» ላልከው፣ ሳታመነታ 2ቢ ውሰድ። ሁለቱም 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ከሆኑ ብረቱ ያው ነው፤ የሚለየው ፊቱ ነው።

ቁጥር 1 እንደጋለ በሮለር ተጠፍጥፎ፣ እንደገና ግሎ በአሲድ የታጠበ ነው። ደብዛዛና ሻካራ ነው፤ በጥፍርህ ብትሞክረው ይታወቅሃል። የማንጎ ጭማቂ እዚያ ላይ ከደረቀ ማጽዳቱ አበሳ ነው። 2ቢ ግን ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛው ይጠፈጠፋል፣ ግሎ በአሲድ ይታጠባል፣ መጨረሻ ላይ በለሰለሰ ሮለር ቀለል ተደርጎ ያልፋል። ልስላሴው የሚመጣው ከዚህች ከመጨረሻዋ ነው።

ቢኤ የሚባለው ሌላው፣ መስታወት የሚመስል ፊት ያለው፣ ያምራል፤ ግን ጭረቱን ሁሉ ያሳብቃል። ቁጥር 1 ወፍራም ብረት ሲፈለግ ያዋጣል። ደግሞ ብየዳው ያጠቆረውን ቦታ በደንብ አስጸዳ። ዝገት ቶሎ የሚጀምረው እዚያ ነው።