1,250 ዶላር ተከፍሎ ዳቦ የለም

ጥያቄ፦ «ዘ ሜኑ» የሚባለውን ፊልም ከጓደኞቼ ጋር አየሁት። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። ሀብታሞች ላይ ሙድ እየያዘ ነው ወይስ ዝም ብሎ ሰው እየፈጀ ነው? ደግሞ ሼፉ ልጅቷን በአንድ በርገር ለምን ለቀቃት?
ግራ የገባው፣ ከገርጂ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱንም ነው። (ያላያችሁት ገጹን ገልብጡ፣ መጨረሻውን ልንናገር ነው።)

ለማስታወስ ያህል፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፣ ዳይሬክተሩ ማርክ ማይሎድ ነው። እንግዶች በጀልባ ወደ አንድ ደሴት ይሄዳሉ፤ ራት ለአንድ ሰው 1,250 ዶላር ነው። ራልፍ ፋይንስ የሚጫወተው ሼፍ ስሎዊክ ደግሞ የምግቡን ተራ ሲያወጣ እንግዶቹንም፣ ሠራተኞቹንም፣ ራሱንም የሚገድልበትን አብሮ አውጥቷል።

ጓደኞችህ የሳቁት ዳቦው ላይ ይመስለኛል። ሼፉ ዳቦ የተራ ሰው ምግብ ነው፣ እናንተ ደግሞ ተራ ሰው አይደላችሁም ብሎ ማባያውን ብቻ በሳህን ያቀርብላቸዋል። ወጡን አምጥቶ እንጀራውን መከልከል ማለት ነው። እኛ ጋ ቢሆን ጠብ ይነሳ ነበር። እዚያ ግን የምግብ ሃያሲዋ ትደነቃለች። ቀምሳ ቀምሳ አንዱ ማባያ ትንሽ ዘይቱ ተለይቷል ስትል፣ ያንኑ ዘይቱ የተለየ ማባያ በትልቅ ሳህን ሞልተው ፊቷ አስቀመጡላት። ቀልዱ ይሄ ነው፤ ሲሰደቡ እንኳ ስድቡን እንደ ጥበብ ያጣጥሙታል።

ከሁሉም የበለጠብኝ ግን ባልና ሚስቶቹ ናቸው። እዚያ ቤት 11 ጊዜ በልተዋል። ሼፉ ባልየውን «ባለፈው ከበላኸው አንድ ምግብ ጥራልኝ» ይለዋል። ጸጥ። ሚስት ልታግዝ ብላ የአንድ ዓሣ ስም ትጠራለች፣ እሱም ሌላ ዓሣ ሆኖ ተገኘ። በቃ፣ ደንበኛ ማለት እንዲህ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው «እዚያ እኮ በላሁ» ለማለት ነው።

ከእንግዶቹ አንዱን፣ ታይለርን እናንሳ እንዴ? የአካባጅ ንጉሥ። ፎቶ አታንሱ ሲባል ያነሳል፣ ያልተጠየቀውን ያስረዳል፣ ሁሉም እንደሚሞት ቀድሞ ተነግሮት እንኳ ምግቡ እንዳያመልጠው ብሎ መጥቷል። ለብቻው የሚመጣ ሰው ስለማይቀበሉ ደግሞ ልጅቷን ከፍሎ ይዟት መጣ። የሚያስጠላው እዚህ ላይ ነው፣ እሷ እንደምትሞት እያወቀ። ሼፉ «በል አብስል» ሲለው ያወጣው ጥሬ የበግ ሥጋ ነው።

ወደ በርገሩ። ልጅቷ ድሃ ስለሆነች አይደለም የዳነችው። ሌሎቹ ያላደረጉትን አደረገች፤ ምግቡን መለሰች፣ ፍቅር የለበትም አለች፣ አሁንም ርቦኛል አለች። ሼፉ ቤት ውስጥ በወጣትነቱ በርገር ሲጠብስ ፈገግ ያለበትን ፎቶ አይታ ነበርና ቺዝበርገር አዘዘችው። 9.95 ዶላር። ከዚያኛው ራት ከ125 እጥፍ በላይ ይረክሳል። አንድ ጊዜ ገመጠችለትና የራበው ሆዴ ሳይሆን ዓይኔ ኖሯል፣ ይጠቅለልልኝ አለች። እንግዳ ሲጠግብ ቀሪውን ጠቅልሎ መስጠት ያው የምግብ ቤት ወግ ነው፣ ሼፉም ለወጉ ተሸነፈ።

እኔን ያልተመቸኝ አንድ ነገር አለ። ፊልሙ ርካሹን በርገር ንጹሕ፣ ውዱን ራት ኃጢአት አድርጎ ያልፋል። ያንን በርገር በሰዓት ትንሽ ብር እየተከፈለው ቆሞ የሚጠብስ ሰው ግን ፈገግ የሚለው ፎቶ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሼፉ ከእንግዶቹ የአንዱን፣ የፊልም ተዋናዩን፣ ረዳት የሚጠይቃትስ? የተማርሽው የት ነው፣ ብራውን (ውድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው)፤ የትምህርት ብድር አለብሽ፣ የለብኝም፤ እንግዲያው ትሞቻለሽ። በጣም ሳቅሁ። ግን ወጣት ተቀጣሪ ናት እኮ፣ የቤተሰቧን ገንዘብ እሷ ላይ ማወራረድ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ፊልሙ ላይ ሠራተኞቹ ሁሉም አንድ ላይ «እሺ ሼፍ!» ብለው ሲጮሁ የራሴ አለቃ ትዝ አለኝ። ጓደኞቼ ሼፉ አሳዘነን ይላሉ። ማዘን አለብኝ?
የደከማት፣ ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ ግድ የለሽም፣ አትዘኚለት። ሀብታሞቹ ሥራዬን አበላሹብኝ ብሎ ያለቅሳል፣ እሱ ያበላሻቸውን ግን ቁጠሪ። ሠራተኞቹ እንደ ወታደር ሰፈር አልጋ በተደረደረበት ክፍል ይተኛሉ። ጄረሚ የሚባለውን ወጣት ሁሉም ፊት መቼም ታላቅ አትሆንም ብሎታል፣ ልጁም እዚያው ራሱን ገደለ፣ ሞቱም እንደ አንድ የምግብ ተራ ተቆጥሮ ቀረበ። አንዷ ምክትል ደግሞ እንቢ ስላለችው ለ8 ወር ዓይኗን አላያትም። ዋናው ጉረኛ እሱ ነው፣ ሽርጥ ስላሰረ ነው ያልታየን።

ከእውነታው የራቀም አይደለም። ኮፐንሃገን ያለው ኖማ አምስት ጊዜ የዓለም ምርጥ ምግብ ቤት ተብሏል። ለተለማማጆቹ መክፈል የጀመረው ግን ኦክቶበር 2022 ነው፣ ፊልሙ ሲኒማ ሊገባ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው። በጃንዋሪ 2023 ባለቤቱ ሬኔ ሬድዜፒ ይህ አሠራር አያዛልቅም ብሎ መደበኛውን ምግብ ቤት እንደሚዘጋ አስታወቀ። ነፃ ጉልበት ሲቀር ሒሳቡ ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ሰው እየሞተ እኔ ግን ምግቡን እያየሁ ራበኝ። ጤነኛ ነኝ?
ሆዳሙ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጤነኛ ነህ። እንዲርብህ ተብሎ ነው የተሠራው። ምግቦቹን ያማከረችው ዶሚኒክ ክሬን ናት፣ በአሜሪካ ሦስት የሚሽለን ኮከብ (የምግብ ቤቶች ትልቁ ማዕረግ) ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሼፍ። ማለት፣ ሙድ የተያዘበት ዓለም ራሱ ወጥ ቤት ገብቶ አግዟል፣ ይሄን ሳውቅ ፊልሙን ይበልጥ ወደድኩት። የመጀመሪያውን ምግብ ግን አትመኘው፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቅጠልና የረጋ የባሕር ውሃ ነው።