«የሽፋን ተቀባይ» ወይስ «ሽፋን ላይ ያለ ተቀባይ»?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ማስታወሻ ላይ «የደንደሴ እንስሳት የስቴሮይድ ሆርሞን የሕዋስ ሽፋን ተቀባይ» ብዬ ብጽፍ ተማሪዎቼ ግራ ገባቸው (ደንደሴ ስል የጀርባ አጥንት ያላቸውን ማለቴ ነው)። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ተቀባይ ለሰው ነው፤ መቀበያ በይው» አለኝ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ መምህርት፣ ጥያቄዎ ሁሌም የሚያንገበግበኝን ነገር ነካብኝ። የ«የ» ድርድር! ሦስት «የ» ተከታትለው ሲመጡ ማን የማን እንደሆነ ይጠፋል። ሽፋኑ የሆርሞኑ ነው? ወይስ ተቀባዩ ሽፋን ነው የሚቀበለው?

አማርኛ ለዚህ የቆየ መላ አለው። «እንግዳ ተቀባይ»፣ «ገንዘብ ተቀባይ» እንላለን። የሚቀበሉት ነገር ያለ «የ» ከፊት ይገባል። እንግዲያው ሆርሞኑን የሚይዘውን የሕዋስ ፕሮቲን፣ በእንግሊዝኛ «ሪሴፕተር» የሚባለውን፣ «ሆርሞን ተቀባይ» ይበሉ። ቦታውን «ላይ» እና «ውስጥ» ይናገሩት፦ «በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ ስቴሮይድ ሆርሞን ተቀባይ»። ረዘመ? ይርዘም!

ቦታው መነገር አለበት የምለው በከንቱ አይደለም። እንደ ኮርቲሶል፣ ኤስትሮጅንና ቴስቶስትሮን ያሉ ስቴሮይድ ሆርሞኖች ከኮሌስትሮል ስለሚሠሩ ስብ ይስማማቸዋል፤ የሕዋሱን ሽፋን ዘልቀው ይገባሉ፣ ውስጥ ያለው ተቀባይ ይይዛቸዋል፣ ከዚያ የጂኖችን ሥራ ይለውጣል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ሰዓታት። ነገር ግን በሰከንዶችና በደቂቃዎች የሚታይ ውጤትም አለ። ያንን በጂን መንገድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የእንቁራሪት እንቁላል ላይ በተደረጉ ቀደምት ሙከራዎች ፕሮጄስትሮን የሚባለው ስቴሮይድ ሆርሞን ከውጭ ሲነካው እንቁላሉ በሰለ፣ ማለትም ለጽንስ ደረሰ፤ በመርፌ ውስጡ ሲገባ ግን አልበሰለም። ይህም ተቀባይ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ጠቆመ። በኋላም በ2003 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ እነ ፒተር ቶማስ ከባሕር ዓሣ የእንቁላል ዕጢ አንድ ሽፋን ላይ የሚቀመጥ ፕሮጄስትሮን ተቀባይ ለይተው አወጡ፤ ዘመዶቹ በሰውም በሌሎች ደንደሴዎችም ተገኙ። ስለዚህ «ስቴሮይድ ተቀባይ» ብቻ ካሉ ተማሪው የውስጡን ነው የሚያስበው።

ወደ «መቀበያ» ልምጣ። ተቀባይ ለሰው ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ አልቀበላቸውም። መቀበያ ወይ ቦታ ነው ወይ ዕቃ፤ «እንግዳ መቀበያ» ክፍል ነው፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህ ፕሮቲን ግን ዝም አይልም። ሆርሞኑ ሲይዘው ቅርጹን ይለውጣል፣ መልእክቱን ወደ ውስጥ ያቀብላል። ሥሩም ይህን ይደግፋል። ግዕዙ «ተቀበለ» ወጥቶ መገናኘትንም ይጨምራል፤ የዐረብኛው ቀ-በ-ለም ፊት ለፊት መሆንን ይዟል። እኛም «ቅብብል»፣ «ዱላ ቅብብል» እንላለን፤ የያዘ ያሳልፋል። ደግሞ ጎንደር ተቀምጦ ይህ ይጠፋል? አዝማሪውን «ተቀበል!» ብለው ግጥም ሲሰጡት ይዞት አይቀርም፤ በዜማ መልሶ ያወጣዋል። ተቀባይ ማለት ይህ ነው።

«ሪሴፕተር»ስ? አልወደውም። ግን ተማሪውም ሐኪሙም ይለዋል፣ ገብቷል፣ ማስወጣት አይቻልም። ክፍል ውስጥ አንዴ «ሪሴፕተር» ካሉ በኋላ «ተቀባይ» ብለው ይቀጥሉ፤ ከዚህ በላይ አልገፋም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባይጠይቁኝም። «ሕዋስ»ን በሐመሩ ሐ ስለጻፉት ደስ ብሎኛል። ቃሉ ከግዕዝ ነው፤ እዚያ የስሜት አካል ማለት ነበር፣ «አምስቱ ሕዋሳት» እንደምንለው፤ ከዐረብኛው «ሐዋስ» ጋርም ይገናኛል። አሁን ብዙው ሰው «ህዋስ» ይጽፋል። በአማርኛ ድምፁ አንድ ስለሆነ ትርጉም ተበላሸ ብዬ መከራከር አልችልም። ለኔ ግን በሀሌታው ሀ ሲጻፍ ዓይኔን ይቆረቁረኛል፤ ተማሪዎችዎም እንደርስዎ ቢጽፉት እመርጣለሁ።