መቶ እጥፍ የተባለው ቤት የማን ቤት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። በቤተ ክርስቲያናችን የተልእኮ ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ሌላ አገር የላክነው ቤተሰብ ከአራት ወር በኋላ ጠቅልሎ ይመለሳል። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ እዚያው ነው የተወለደው። ከሦስት ዓመት በፊት ለእረፍት መጥተው ነበር። ያኔ ልጆቹን የዚያን አገር ልብስ አልብሰን፣ በዚያው ቋንቋ መድረክ ላይ አዘመርናቸው። ጉባኤው በጣም ደስ አለው። ትልቋ ግን ከመድረክ ስትወርድ ተደብቃ አለቀሰች። አሁን ደግሞ እናቷ «መመለስ አልፈልግም እያለች ነው» ብላ ጻፈችልኝ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ስለ ወንጌል የተወ መቶ እጥፍ ይቀበላል ተብሏል፤ ይህ ሐዘን የእምነት ማነስ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? እኛስ ምን እናድርግ? ለመጀመሪያው እሑድ የልጆቹን መዝሙር ፕሮግራም ውስጥ እናስገባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ይብዛልሽ። ሽማግሌዎቹ ከጠቀሱት ቃል ልጀምር። ጥቅሱ ልክ ነው። የተላከለት ሰው ግን ሌላ ነው።

ማርቆስ 10፥29-30ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ጌታ መቶ እጥፍ ሲል ዝም ብሎ በረከት አላለም። ቤቶች፣ ወንድሞች፣ እኅቶች፣ እናቶች፣ ልጆች፣ እርሻ ብሎ ዘረዘረ። ያውም «አሁን በዚህ ዘመን»። እነዚህ ቤቶች ከሰማይ አይወርዱም። በር አላቸው፣ ቁልፍ አላቸው፣ ባለቤት አላቸው። ባለቤቶቹ ደግሞ እሑድ እሑድ ከአንቺ አጠገብ የሚቀመጡት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ያች ልጅ መቶ እጥፉን አላየሁትም ብትል፣ የእሷን እምነት ከመመርመራችን በፊት የራሳችንን በር እንይ። «ከስደት ጋር» የሚለውም እዚያው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ለሽማግሌዎቹ በትሕትና አስታውሺልኝ።

አሁን ወደ ልጅቷ። ስትሄድ አምስት ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ጥሪውን የሰሙት አባትና እናቷ ናቸው። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ከአምስት እስከ አሥራ አራት ደግሞ ልጅነት ማለት ራሱ ነው። ጓደኛ ያፈራችው እዚያ ነው። የምትቀልድበትና የምታልምበት ቋንቋ የዚያ አገር ቋንቋ ነው። እኛ መመለስ የምንለው ነገር ለእሷ መሄድ ነው።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከተልእኮ ቤተሰብ ጋር የመጣን አንድ ልጅ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «እንኳን ለአገርህ አበቃህ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «አገሬንማ ትቼው መጣሁ» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ዛሬም ቢሆን ጥሩ መልስ ያለው አይመስለኝም።

እነዚህ ልጆች ስም አላቸው። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሩት ዩሲም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሕንድ ውስጥ የሚኖሩ አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ስታጠና «የሦስተኛ ባህል ልጆች» አለቻቸው። የወላጆቻቸው ባህል አንድ፣ የሚያድጉበት አገር ባህል ሁለት። እነሱ ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ የራሳቸውን ይኖራሉ። ቃሉ አዲስ ይመስላል እንጂ ነገሩ ኦሪት ውስጥ አለ። ሙሴን ተመልከቺው። በደሙ ዕብራዊ ነው፤ ያደገው በፈርዖን ልጅ ቤት ነው። ምድያም ጉድጓድ አጠገብ የረዳቸው ሴቶች ለአባታቸው ሲነግሩት «አንድ የግብፅ ሰው» አሉ (ዘጸ. 2፥19)። መልኩ፣ አለባበሱ፣ አነጋገሩ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። የበኩር ልጁንም ጌርሳም አለው፤ በሌላ ምድር ስደተኛ ነኝ ሲል። እግዚአብሔር ስለዚህ ስም ሙሴን አልገሠጸውም። እንዲያውም ከሁለት ዓለም የመጣውን ይህንኑ ሰው ፈርዖን ፊት አቆመው።

ስለዚህ ሐዘኗ የእምነት ማነስ አይደለም። ጳውሎስ ከኤፌሶን ሽማግሌዎች ሲለይ ሁሉም አንገቱን አቅፈው እጅግ አለቀሱ (ሐዋ. 20፥37)። እምነት የሌላቸው ሆነው ነው?

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ብዙ ሰው ያልፈዋል። ጢሮስ ላይ ጳውሎስ የቆየው ሰባት ቀን ብቻ ነው። ሲሄድ ግን ሁሉም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከከተማ ወጥተው ሸኙት፤ ባሕሩ ዳር ተንበርክከው ጸለዩ (ሐዋ. 21፥5)። ሉቃስ ልጆቹን ሳይረሳ ጻፋቸው። በሰባት ቀን ፍቅር እንዲህ ከተሸኘ፣ ዘጠኝ ዓመት የኖረች ልጅ እንዴት ልትሸኝ ይገባል?

እዚህ ላይ ነው የቀሯችሁ አራት ወራት ወርቅ የሚሆኑት። የሚመለስ ቤተሰብ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በዕቃ ማሸግና በወረቀት ጣጣ ይጨርሳቸዋል። ልጆቹ ሳይሰናበቱ አውሮፕላን ላይ ይወጣሉ። ለእናቷ ይህን ጻፊላት፦ ልጆቹ የተጣሉት ሰው ካለ ከመሄዳቸው በፊት ይታረቁ። ማመስገን የሚፈልጉትን በስሙ ያመስግኑ። ከሰው ብቻ ሳይሆን ከክፍላቸው፣ ከሚጫወቱበት ሜዳ፣ ከውሻቸውም ይሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ስለሚመጡበት ቦታ ያውሩ፤ የሚያጓጓውንም የሚያስፈራውንም። ሻንጣ ሲከብድ መጀመሪያ የሚጣለው የልጅ ዕቃ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ማንም የማይነካበት አንድ ካርቶን ይኑረው፤ የትርፍ ጭነቱን ክፍያ የእናንተ ክፍል ይሸፍን። ለተልእኮ የወጣ ገንዘብ ነው፤ ማንም ቢጠይቅሽ እንዲህ በይው።

ሲመጡስ? አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ የባህል ድንጋጤን ገልጾ ነበር፤ ሰው አዲስ አገር ገብቶ የሚያውቀው ምልክት ሁሉ ሲጠፋበት የሚሰማውን ጭንቀት። ከሦስት ዓመት በኋላ ጉላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች ያው ነገር ወደ አገር ሲመለሱም እንደሚደገም ጻፉ። መጀመሪያ ደስታ፣ ከዚያ ቁልቁል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ላይ። የመመለሱ ይብሳል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ማንም አይጠብቀውማ። የውጭ አገር ሰው ቢሳሳት እንግዳ ነው ይባላል። መልኳ እኛን የሚመስል ልጅ ሰላምታ ብትሳሳት ግን «ባለጌ» ትባላለች።

የእኛ አቀባበል ደግሞ ከዚህ ጋር ይጋጫል። አውሮፕላን ማረፊያው በአበባ ይሞላል። ቤተሰቡ ቁልቁል በሚወርድበት በሦስተኛው፣ በአራተኛው ወር አንድም ሰው አይደውልም። ስለዚህ ሰዎቻችሁን ለሁለት ክፈሏቸው። ለመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ሰው ይበቃል። የቀሩት ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ተራ ይግቡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ እኩያና አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። ለወላጆቹ ጓደኛ የሆነ ሁሉ ለልጆቹ ጓደኛ ነው ማለት አይደለም።

የትምህርት ጉዳይ ዛሬውኑ ይጀመር። ቋንቋችንን ቤት ውስጥ የምትናገር ልጅ ማንበብና መጻፍ ላይ ከክፍል ጓደኞቿ ወደኋላ ልትቀር ትችላለች። ሰነፍ ሆና አይደለም። ቀድሞ የሚያስጠና ሰው ፈልጉላት፤ መምህራኑንም አነጋግሩ።

ስለ ወላጆቹም አንድ ነገር ልበል። ስለ እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ስለ ዊልያም ኬሪ ደጋግመን እንሰብካለን። እ.ኤ.አ. በ1793 ወደ ሕንድ ሄደ፤ የላኩት ወንድሞችም ወደ ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው ገመዱን እንይዝልሃለን አሉት ይባላል። ስለ ሚስቱ ስለ ዶሮቲ ግን ዝም እንላለን። መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር፤ ተለምና ነው የሄደችው። በ1794 ልጃቸው ጴጥሮስ በአምስት ዓመቱ ሞተ። አእምሮዋ ታወከ፤ በ1807 እስክትሞት ድረስም አልተመለሰላትም። የባሏን ገመድ እንይዛለን ያሉ ነበሩ። የእሷን ገመድ የያዘ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ለእነዚህ ወላጆች ድጋፉ ባረፉበት ቀን አይቁረጥ። ቢያንስ ቤት እስኪይዙና ሥራ እስኪለይላቸው ይቀጥል። ሪፖርት ከመጠየቃችሁ በፊት ይተኙ፤ መልአኩ ኤልያስን የትልቅ ስብከት ዝግጅት አላስያዘውም፤ ተነሥተህ ብላ ነው ያለው (1ኛ ነገ. 19)። «ለምን ተመለሱ?» የሚል ሐሜት ከተነሳ ፊልጵስዩስ 2ን ክፈቺላቸው። ከፊልጵስዩስ ጳውሎስን እንዲረዳ የተላከው አፍሮዲጡ ታሞ፣ ናፍቆት ይዞት ነው የተመለሰው። ጳውሎስ ግን በሙሉ ደስታ ተቀበሉት፣ እንደ እርሱ ያሉትን አክብሩ ብሎ ጻፈ።

አንድ ጥንቃቄ። ልጅቷ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላት፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች፣ ወይም ራሷን ስለመጉዳት ከተናገረች ጸሎት ብቻውን ይበቃል አትበሉ። የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ወይም ወደ አማካሪ ውሰዷት፤ እየጸለያችሁ።

የመጀመሪያውን እሑድ በተመለከተ፦ ፕሮግራም አትያዙ። ልጆቹ እንደማንኛውም ልጅ ገብተው ይቀመጡ። መድረክ ላይ ያቆመቻቸው ቤተ ክርስቲያን ባዳ መሆናቸውን ለሁሉም አሳይታለች፤ ልጅቷ ያለቀሰችው ለዚህ ይመስለኛል። ወደፊት መዘመር ከፈለገች ራሷ ትናገራለች።

እስከዚያ ግን አንቺ ለእናቷ ሳይሆን ለራሷ ለልጅቷ ጻፊላት። ባለፈው ጊዜ ሳንጠይቅሽ መድረክ ላይ አወጣንሽ፣ ይቅርታ በያት። ከዚያ የቅርብ ጓደኛዋ ማን እንደሆነች ጠይቂያት። ስለምትመጣበት ቦታ እሷ እስክትጠይቅሽ አትንገሪያት።