አረቄ ብቻውን የአይጥ ቆሽት አያሳርርም

እህቴ፣ «ሐዋሳ ነኝ፤ ለማስተርስ ጥናቴ በአይጥ ላይ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ለማምጣት አረቄ ላጠጣ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ተይው። አይጥ አልኮል ብቻ ብትጠጣ ቆሽቷ ጠባሳ አይዝም፤ አልኮሉ ያዳክመዋል እንጂ ሌላ ምት ካልተጨመረበት አይጎዳውም። አረቄ ደግሞ ከማሰሮ ማሰሮ ጉልበቱ ይለያያል፤ መጠኑን ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?

1. ሴሩሊን (ቆሽቱን ከልክ በላይ አነቃቅቶ የሚያቆስል ንጥረ ነገር) ተጠቀሚ። በኪሎ 50 ማይክሮግራም ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በየሰዓቱ አንድ መርፌ፣ በቀን 6 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ 4 ሳምንት። አንድ ቀን ብቻ ከወጋሽ አጣዳፊው ብግነት ይመጣና ቆሽቱ በቀናት ውስጥ ያገግማል።

2. ከግዢ በፊት ሒሳቡን ሥሪ። 20 ግራም የምትመዝን አይጥ በአንድ መርፌ 1 ማይክሮግራም ትፈልጋለች፤ በ4 ሳምንት 72 መርፌ። ለ10 አይጥ 720 ማይክሮግራም ነው፣ ስለዚህ 1 ሚሊግራም የሚበቃ ይመስላል። ግን አይጦቹ ይከብዳሉ፣ ስሪንጅ ውስጥም ይቀራል። ወደ 6 ሳምንት ካራዘምሽው ደግሞ 1080 ማይክሮግራም ይደርሳል። ግዢ ክፍል «አንዱ አይበቃሽም?» ብሎ ፊት ሲነሳሽ ይህን አሳዪውና ከአንድ ባች ሁለት ብልቃጥ አስገዢ። የበጠበጥሽውን የቀን የቀኑን ለይተሽ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጪ፤ መብራት ጠፍቶ ከሟሟ መልሰሽ አታቀዝቅዢው።

3. ብዙ ተማሪ ወራቱን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው፦ በመጨረሻው መርፌ ቀን አይጧን መግደል። ያን ቀን ቆሽቱ ውሃ ቋጥሮ አብጧል፣ አሚላዝ (ቆሽቱ የሚሠራው ኢንዛይም) በደም ውስጥ ጣሪያ ነክቷል፤ ያየሽው አጣዳፊውን ነው። ቢያንስ 3 ቀን ጠብቂ። እብጠቱ ሲቀንስ የሚቀረው ኮላጅን፣ ማለትም የጠባሳው ፕሮቲን ነው፣ የምትፈልጊውም እሱን። ያኔ አሚላዝ ልክ ቢሆን ወይም ቢወርድ አትደንግጪ፤ ኢንዛይሙን ከሚሠሩት ሴሎች ብዙዎቹ አልቀዋል። ኮላጅንን በሚያቀልሙት በሲሪየስ ሬድ ወይም በትራይክሮም ቀለም ፍረጂ እንጂ በደም ምርመራ አይደለም። ኮንትሮሎቹም (ሴሩሊን የማይወስዱት ማነጻጸሪያ አይጦች) 72ቱንም መርፌ በሳላይን (በጨው ውሃ) ይወጉ፤ አለበለዚያ አማካሪሽ «የመርፌው ጉዳት ቢሆንስ?» ሲልሽ መልስ የለሽም።

ሆዷን ስትከፍቺ ጉበቱን ተይው፣ መጀመሪያ ቆሽቱን። ከሞት በኋላ በራሱ ኢንዛይም ራሱን ይፈጫል። ጅራቱ ከጣፊያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጣፊያውን በፒንሴት ይዘሽ አንሺው፣ ተከትሎ ይወጣል። በወረቀት ላይ ዘርጊውና ወዲያው 10 ፐርሰንት ፎርማሊን ውስጥ ክተቺው፤ ተጠቅልሎ ከደረቀ ቆራጩ ትክክለኛ ስላይድ አያወጣልሽም።