ስለ ትንሿ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ጠይቁኝ (ከአዳማ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አምፗን እየሰራችሁ ብዙዎቻችሁ ስለተጨነቃችሁ ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለአዲስ ሰው፦ የስልክ ድምፅ የምታጎላ፣ ከፊት አንድ ቢሲ547 ትራንዚስተር፣ ከኋላ ቢዲ139 እና ቢዲ140 ትራንዚስተሮች፣ መሀላቸው ሁለት ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ 9 ቮልት፣ 8 ኦም ስፒከር ናት።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዳሉት በየድኩ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ትራንዚስተሩ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ልጄ ትራንዚስተሩን ከመጠርጠርህ በፊት ሙዚቃ ሳታስገባ የሁለቱ ቢዲ ኤሚተሮች (ድምፁ የሚወጣባቸው እግሮች) የሚገናኙበትን በቴስተር ለካ፣ የባትሪው ግማሽ ማለት 4.5 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። 7 ካሳየህ ድምፁ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ አጥቶ ይቆረጣል። የሚስተካከለው ከዛች ነጥብ ወደ ቢሲው ቤዝ (መግቢያ እግሩ) በሚሄደው ሬዚስተር (ከረንት የሚገድበው) ነው፣ ቮልቱ ከበዛ ሬዚስተሩን ቀንስ ካነሰ ጨምር። ቁርጥ ያለ ቁጥር የማልሰጣችሁ አንዱ ቢሲ547 ከረንቱን 110 ጊዜ ሲያበዛ ሌላው 800 ስለሚደርስ ነው፣ ስለዚህ 100 ኪሎ ኦም ላይ 500 ኪሎ ቫሪያብል (የሚዞር ሬዚስተር) በተከታታይ አስገቡና እያዞራችሁ 4.5 ላይ አቁሙት። አደራ ይቺን ሳትለኩ እቃ አትቀይሩ፣ ስንት ደህና ትራንዚስተር ሲጣል አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ 4.5 ነው፣ ግን ድምፁን ስቀንሰው ይሻክራል። ዳዮድ ስላጣሁ በሽቦ አገናኘሁት።

መልስ፦ እሱ ነው እህቴ። ሲሊከን ትራንዚስተር 0.6 ቮልት ገደማ ካላገኘ አይነቃም፣ አንዱ ቢዲ ተኝቶ ሌላው እስኪነሳ ድምፁ ይጎድላል፣ ዳዮዶቹ ያንን ክፍተት ነው የሚሞሉት። ከተበላሸ ቻርጀር 1ኤን4007 የሚባለውን ዳዮድ ንቀዪ፣ ይሰራል።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በአዳማ ሙቀት ቢዲዎቹ አይነኩም፣ በአንድ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ላይ ላስራቸው?

መልስ፦ በፍፁም! የቢዲ ጀርባው ብረት ኮሌክተሩ (ከባትሪው ጋር የሚገናኘው እግሩ) ነው፣ የአንዱ ኮሌክተር ፖዘቲቭ ላይ የሌላው ኔጌቲቭ ላይ ስለሆነ ባትሪህን ሾርት ታደርገዋለህ። ለየብቻ ቆርቆሮ ስጣቸው ወይ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) አስገባ። ደግሞ ሙቀቱ 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ትራንዚስተሩ የሚነሳበት ቮልት በ2 ሚሊቮልት ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሞቀ ቁጥር ብዙ ከረንት ይስባል፣ በሳበ ቁጥር ይሞቃል፣ እንዲህ እያለ ይቃጠላል። ዳዮዶቹን ቢዲው ገላ ላይ አጣብቃቸው አብረው ይሙቁ፣ በየኤሚተሩም 1 ኦም ጨምር።

ጥያቄ፦ የስልኩን ግራና ቀኝ ሽቦ አንድ ላይ ልጠምዝዘው?

መልስ፦ አይሆንም፣ በየአንዳንዱ 1 ኪሎ ኦም አድርገህ አገናኝ።

ጥያቄ፦ ስንት ዋት ነው? ለሰርግ ይሆናል?

መልስ፦ ኧረ አይሆንም፣ ከግማሽ ዋት በታች ናት፣ ለመኝታ ክፍል ግን ታጠግባለች። ትንሿ 9 ቮልት ባትሪ ቶሎ ስለምትደክም ስድስት ትላልቅ ባትሪ ድንጋይ ደርድሩ።

ጥያቄ፦ ስፒከሬ አንዴ ጧ ብሎ ሞቀ፣ ስፒከሩ ፊት የሚገባውን የመጨረሻውን ካፓሲተር አላስገባሁም።

መልስ፦ የሚያግደው ካፓሲተር ስለሌለ 4.5 ቮልቱ በቀጥታ ስፒከሩ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፣ አሁኑኑ ንቀለው። 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቩን ወደ አምፗ አዙረህ አስገባና እንደገና ሞክር፣ የስፒከሩ ኮይል (ውስጡ ያለው ጥምዝ ሽቦ) ካልተቃጠለ ቴስተሩ ወደ 7 ኦም ያሳይሃል።