ፋይልሽን ለማተሚያ ቤት ከመስጠትሽ በፊት የእኔን «ኳ» ስሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። 246 ገጽ ልብ ወለድ ጨርሰሻል። «ሁሉንም እኛ እንጨርስልሻለን» የሚል አሳታሚ አግኝተሻል። አዲስ አበባ ይታተም ወይስ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከዚያስ እንዴት ይሸጣል ብለሻል። ከሥር የጻፈው ሰው ሁሉ «በርቺ» እያለ አልፏል። እኔ በርቺ ልልሽ አልመጣሁም። እኔ የተበላሁ ሰው ነኝ፤ የተበላሁበትን ልንገርሽ።

1. አሳታሚ ነኝ ያለሽን ሰው መጀመሪያ «ማሽንህ የት ነው ያለው?» በይው። ከተንተባተበ ደላላ ነው። ደላላ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብርሽን ተቀብሎ ፋይልሽን ማተሚያ ቤት ይወስዳል፣ መሃል ላይ የራሱን ይቆርጣል፣ ሰውም መብላት አለበት። ችግሩ የሚመጣው ነገር ሲበላሽ ነው። የእኔው አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ቢሮ ነበረው፤ ግድግዳው በመጽሐፍ ሽፋን ተሞልቷል፤ ቡና አስመጣልኝ፤ «መምህር» እያለ አከበረኝ። ለእርማት፣ ለሽፋንና ለማስተዋወቅ ብቻ 35,000 ብር ከፈልኩ። ማስተዋወቅ ያለው በኋላ ሳየው ገጹ ላይ የለጠፋት አንዲት ፎቶ ናት። ሦስት ላይክ አላት፤ አንዱ የእኔ ነው።

2. ፕሮፎርማ፣ ማለትም የሚሰጡሽ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ዋጋ አይደለም። ቀኑ ካለፈ ወረቀት ነው። እኔ ሰኔ 2016 ላይ በአንድ ቅጂ 198 ብር ተባልኩ፤ ለ1,000 ቅጂ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብር ወረደ፣ ከውጭ የሚገባው ወረቀትም ተሰቀለ። ነሐሴ ላይ ሰውዬው ደወለና «መምህር፣ አንዱ ቅጂ 246 ብር ገብቷል» አለኝ። በቀብዴ ወረቀት አልተገዛም ነበር ማለት ነው! በቅጂ 48 ብር፣ በድምሩ 48,000 ብር ጭማሪ። በዕቁብ ነው የወጣሁት። ባለቤቴ ያንን ዕቁብ ለቤቱ ጣሪያ ነበር ያሰበችው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ታነሳብኛለች። ስለዚህ ውል ላይ «ቀብድ በተከፈለ በዚህን ያህል ቀን ወረቀቱ ይገዛል፣ ዋጋው አይለወጥም» ብለሽ አስጽፊ። እግረ መንገዴን ደግሞ፣ ኦፍሴት በሚባለው የማተሚያ ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ አንድ ፎርም ነው፤ ፎርም ማለት ታትሞ የሚታጠፍ አንድ ትልቅ ወረቀት ነው። 246 ገጽ 15 ፎርም ሞልቶ ስድስት ገጽ ይተርፍሻል፤ ለስድስቷ ገጽ ሌላ ወረቀት ትከፍያለሽ። መግቢያውን አሳጥሪና ወደ 240 አውርጂው። የምስጋናው ገጽም ቢያጥር ማንም አይቀየምሽም።

3. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የእኔ መጽሐፍ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ስለሚያመላልስ ልጅ ነው። ታንኳ የሚለው ቃል 217 ጊዜ አለበት፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ የቆጠርኩት በኋላ ነው፣ እንዴት እንደቆጠርኩት ትሰሚያለሽ። ጽሑፉን ያስተየብኩት ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ ያለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ነው። ልጅቷ ፈጣን ናት፣ ግን የምትጠቀመው ድሮ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ሳይመጣ የነበረውን ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዘመኑ፣ እስካሁን በዚያው የሚተይብ ሞልቷል። እኔ ምኑም አይገባኝም ነበር፤ አማርኛ አማርኛ ነው ብዬ ነው።

ደላላው ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላከልኝ። «አይተህ አጽድቅ፣ ማሽን ተራ ይዞልናል» አለኝ። በስልክ ነው ያየሁት፣ ያውም መምህራን ክፍል ውስጥ በእረፍት ሰዓት፣ በአንድ እጄ ሻይ ይዤ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች አነበብኩ፣ የቀረውን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ እየገፋሁ አለፍኩት። ቆንጆ ነበር። ፈርሜ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። እኔ ከፈረምኩ በኋላ ዲዛይነሩ «ይሄኛው ያምራል» ብሎ ፎንቱን ቀየረው። ማን ጠየቀህ? ማንም። በአዲሱ ፎንት ውስጥ አንዲት ፊደል ቦታዋን አላገኘችም። «ኳ»።

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ካርቶኖቹ የደረሱኝ በ19ኛው ቀን ነው፣ በአውቶቡስ ጭነት። ከመናኸሪያ በባጃጅ አምጥቼ ሳሎን ደረደርኳቸው። የቀለሙ ሽታ ቤቱን ሞላው። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ባለቤቴ አንዱን አንስታ መሃል ላይ ገለጠችና «በሩን አን ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። «ልጁ በሩን አን።» አንኳኳ መሆኑ ነው። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ እናትየው «እን ን ደህና መጣህ» ትላለች። ታንኳውማ «ታን ው» ሆኗል። ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ይቺ ፊደል ከታንኳ ይልቅ የምትኖረው «እንኳን» ውስጥ ነው። ያለ እሷ አንድ ገጽ አይሞላም። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እርሳስ ይዤ ቆጠርኩ።

ደላላው ጋ ደወልኩ። «ፈርመሃል እኮ» አለኝ። መምህር ማለቱን ትቷል። ማተሚያ ቤቱን በስንት መከራ አፈላልጌ አገኘሁት፤ «እኛ የተሰጠንን ፋይል ነው ያተምነው» አሉ። እነሱ ልክ ናቸው። ከእነሱ ጋር ውል የለኝም። ማሽንህ የት ነው በይው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፈተናዋን ልስጥሽ። አንድ ወረቀት ላይ ሏ፣ ሟ፣ ሯ፣ ሷ፣ ቋ፣ ቧ፣ ቷ፣ ኋ፣ ኗ፣ ኳ፣ ዟ፣ ጓ፣ ጧ፣ ፏ ብለሽ ጻፊ፤ ሁሉንም ሥርዓተ ነጥብ ጨምሪበት። መጽሐፍሽ በሚታተምበት ፎንት አሳትመሽ እያቸው። ከዚያ የመጨረሻውን ፋይል፣ ወደ ማሽን የሚገባውን ራሱን፣ በወረቀት አስወጪና ከፊት እስከ ኋላ አንብቢ። በየገጹ ግርጌ ፈርሚ። ውሉ ላይ «ከፊርማ በኋላ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ በአታሚው ኃላፊነት» ይባል። ስልክ ላይ ያየሽውን እንዳላየሽው ቁጠሪው። ISBN የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር ነው የሚወጣው፤ ከኅትመት በፊት ጨርሺው፣ ለሰውዬው አትተዪው።

አዲስ አበባ ወይስ ባሕር ዳር ላልሽው፣ ሁለተኛውን ዕትም 300 ቅጂ እዚሁ ነው ያሳተምኩት። በቅጂ ተወዶብኛል፣ አልዋሽሽም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይወደዳል። ግን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ የመጀመሪያዋን ሉህ ተቀብዬ «ታንኳ» የሚለውን በጣቴ ነክቼዋለሁ። ኦፕሬተሩ ያበደ ሰው መስዬው ነበር።

4. መሸጥ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላውራሽ። ለምርቃት አዳራሽ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ሳይል «የየትኛው ድርጅት ነህ?» አለኝ። ደራሲ ነኝ አልኩት። «ደራሲማ ሁሉም ደራሲ ነው፣ ደብዳቤ አምጣ» አለ። ደብዳቤ አመጣሁ፤ ማኅተሙ ደበዘዘ ተባልኩ። ትቼው ወጣሁና በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መረቅሁት። ፈንዲሻ፣ ቡና፣ ቄጠማ። 61 ሰው መጣ፣ 58 መጽሐፍ ተሸጠ! ያ አዳራሽ ቢፈቀድልኝ ወንበሩ ባዶውን ያየኝ ነበር።

ግን ከዚያ በፊት የጎደለችውን ፊደል ነገር መጨረስ ነበረብኝ። ተማሪዎቼ ሳሎኔ ወለል ላይ ተቀምጠው 1,000 ቁራጭ ወረቀት በመቀስ ቆረጡልኝ፤ በየመጽሐፉ የፊት ገጽ ለጠፍን። «እርማት፦ ባዶ ቦታ ሲያጋጥምዎ ኳ ብለው ያንብቡ» ይላል። እፍረቴን ራሴ ታቅፌ ሸጥኩ። የሚገርምሽ፣ ሰው ወደደው። ፔዳ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስቀመጥ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚያነቡት ቁራጯን ነው። ስቀው ይገዛሉ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ሦስት ቅጂ በክር አስሮ ከወንበሩ ጀርባ አንጠለጠለልኝ፤ ከዓባይ ማዶ እስከ ፔዳ ሲመላለስ ተሳፋሪው ያነባል፣ መውረጃው ሲደርስ ታሪኩ አላለቀም፣ በቴሌብር ከፍሎ ይዞት ይወርዳል። በሁለት ወር 43 ሸጧል። በቅጂ 50 ብር እሰጠዋለሁ፤ ከማንኛውም አከፋፋይ ይሻለኛል።

አከፋፋይ 40 ከመቶ የጠየቀኝም አለ፣ በ30 የተስማማም አለ። መቶኛው አያስጨንቅሽ፤ የሚያስጨንቀው «በአደራ አስቀምጪ» የሚለው ነው። 200 ቅጂ በአደራ ሰጥቼ ከዓመት በኋላ የ31ዱን ብቻ ነው የተከፈልኩት። የቀረው «እየተሸጠ ነው» ይባላል። 20 ስጪ፣ ሲያልቅ ከፍሎ ሌላ 20 ይውሰድ። ከባድ መስሎ ከታየው ይቅርበት። ፒዲኤፉን ደግሞ ለማንም፣ ለወንድምሽም ቢሆን አትላኪ። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ከጎንሽ ነው፤ ግን ፋይሉ አንዴ የቴሌግራም ቻናል ላይ ከወጣ ማንን ትከሺያለሽ?

ከፈለግሽ ፋይሉን ከመላክሽ በፊት አንድ ገጽ አስወጥተሽ አምጪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት ፔዳ በር ላይ ነኝ። ካላገኘሽኝ ባጃጆቹን ጠይቂ። ስሜን አያውቁትም፤ «ጋሼ ታን» በያቸው።